ልጄ መቃም ጀምሯል፣ ከየት ልጀምር? ለጅማ ወላጆች ዝርዝር መመሪያ

ልጃችሁ መቃም መጀመሩ በተሰማ ቀን ሁሉም ሰው ሐኪም ይሆናል። አንዱ «ግረፈው» ይላል። ሌላው «ገጠር አጎቱ ጋ ላከው» ይላል። ጎረቤት ደግሞ ቡና እየጠጣች «ኧረ ባክሽ፣ ጅማ ተወልዶ የማይቅም አለ እንዴ? ሲያድግ ይተወዋል» ብላ ታጽናናለች። ጉዳዩ ወይ ይጋነናል ወይ ይናቃል፣ መካከለኛ የሚባል ነገር የለም።

ይህን የምጽፈው ከ12 እስከ 19 ዓመት ልጅ ላላቸው ቤተሰቦች ነው። ብዙውን ቦታ ለጫት ሰጥቼዋለሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ከተማ አብዛኛውን ጊዜ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው። ሲጋራው፣ ሺሻው፣ ጨብሲው (ከጫት በኋላ የሚጠጣው መጠጥ) ከኋላ ተከትለው ይገባሉ።

የምለው ነገር በአጭሩ ይኼ ነው፦ ልጁን ብቻ ነጥሎ ማከም አይሰራም። ጅማ ላይ ሱስ ሰዓት አለው። ከምሳ በኋላ ከሄርማታ መርካቶ እስከ አጂፕ ብትሄዱ ከተማው ወዴት እንደሚሰበሰብ ታዩታላችሁ። ልጃችሁን ከዚያ ሰዓት አውጥታችሁ ሌላ ሰዓት ካልሰጣችሁት፣ ምክሩም ሐኪሙም ጸሎቱም እስከ 8 ሰዓት ድረስ ብቻ ነው የሚሰራው።

1. መጀመሪያ አደጋ ውስጥ አለመሆኑን አረጋግጡ

ከታች ያሉት ምልክቶች ካሉ ማንበቡን ተዉትና ባጃጅ ጠርታችሁ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል፣ ወይም የሚቀርባችሁ ከሆነ ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ሂዱ። ቀጠሮ አያስፈልግም።

ልጁ ጠጥቶ ቢቀሰቀስ አልነቃም? በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት፣ ቡና አትጋቱት፣ እንዲያስመልሰው ብላችሁ ጣት አትክተቱበት። ትራማዶል ወስዶ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ከተንቀጠቀጠ አትጠብቁ፣ ትራማዶል ሲበዛ ትንፋሽ ያዳክማል፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥም ያመጣል። የወሰደውን ክኒን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ማስቲሽ ወይም ቤንዚን የሚስብ ልጅ ካያችሁ እየጮሃችሁ አታባሩት። እነዚህ ነገሮች የልብ ምትን ያዛባሉ፣ በዚያ ሰዓት መደንገጥና መሮጥ ልብን ቀጥ ሊያደርግ ይችላል። በእርጋታ ከእጁ ወስዳችሁ ንጹህ አየር ላይ አስቀምጡት።

ቅሞ ቅሞ ለቀናት እንቅልፍ አጥቶ «ሰዎች እየተከታተሉኝ ነው» ማለት ከጀመረ፣ የሌለ ድምፅ ከሰማ፣ ወይም ደረቱን ካመመው፣ ይህም የሆስፒታል ጉዳይ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም። ጫት፣ ሲጋራ፣ ጋንጃ በአንድ ቀን ቢቆሙ ይጨንቃል እንጂ አይገድልም። አልኮልና እንደ ዲያዜፓም ያሉ የእንቅልፍ ክኒኖች ግን ይለያሉ። በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የቆየ ልጅ ድንገት ሲያቆም ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ሊመጣ ይችላል፣ በ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ መቃዠትና ግራ መጋባት ሊከተል ይችላል። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ቆልፎ «ያቆማል ወይ አያቆምም እናያለን» ማለት እዚህ ላይ ሕይወት ያስከፍላል። በሐኪም እጅ፣ በመጠን እየተቀነሰ ነው የሚቆመው።

ስለ ሞት ካወራ፣ ወይም በጣም ዝም ካለ፣ ጠይቁት። «ራስህን ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም፣ ብዙ ጊዜ ያቀለዋል። የአይጥ መርዙንና ፀረ ተባዩን ደግሞ ዛሬውኑ ከቤት አውጡ። በተለይ የጫት ማሳ ያላችሁ፣ ያ ጠርሙስ በር ጥግ ነው የሚቀመጠው።

2. ሞክሯል፣ ይጠቀማል፣ ወይስ ታሟል?

ሦስቱ አንድ አይደሉም። በጓደኛ ሰርግ አንድ ቀን ቅጠል የቀመሰን ልጅ እንደ ሱሰኛ ብታስተናግዱት ተስፋ ቆርጦ ይሆንላችኋል።

ለታዳጊዎች የተዘጋጀ ክራፍት የሚባል መለኪያ አለ፣ ስድስት ጥያቄዎች ናቸው። ወደ እኛ ኑሮ ሳመጣቸው እንዲህ ይሆናሉ፦ በመረቀነ (ጫቱ በያዘው) ወይም በጠጣ ሰው ሞተር ወይም ባጃጅ ላይ ተቀምጦ ያውቃል? ዘና ለማለት ወይም ከሰው ጋር ለመግባባት ብሎ ይጠቀማል? ብቻውን ሆኖስ? ያደረገውን ረስቶ ያውቃል? ቤተሰብ ወይም ጓደኛ «ቀንስ» ብሎት ያውቃል? በዚህ የተነሳ ችግር ውስጥ ገብቷል? ሁለቱን «አዎ» ካለ በባለሙያ መታየት አለበት። ትክክለኛው መንገድ ልጁ ራሱ ለባለሙያው ሲመልስ ነው፣ እናንተ ግን የት እንደቆማችሁ ለመገመት ይረዳችኋል።

ሐኪሞች ምርመራውን ሲያጠሩት በ12 ወር ውስጥ የታዩ 11 ምልክቶችን ያያሉ፦ ካሰበው በላይ መጠቀም፣ ለመተው ሞክሮ አለመቻል፣ ሀራራ (የሱሱ ጥማት)፣ ትምህርት መበደል፣ ድሮ ይወደው የነበረውን መተው፣ እንደ በፊቱ አልይዝ ብሎት መጠን መጨመር፣ ሲያቆም መታመምና የመሳሰሉትን። 2 ወይም 3 ካለ ቀላል ይባላል፣ 4 ወይም 5 መካከለኛ፣ 6 እና ከዚያ በላይ ከባድ።

ቤት ውስጥ የሚታየውስ? ማታ አይተኛም፣ እራት አይበላም፣ ጠዋት ደግሞ ሰው ሲያናግረው ይጮሃል። የአፉን ሽታ በማስቲካ ይደብቃል። የቤት ዕቃ መጥፋት ይጀምራል። ግን ለአንዱ ምልክት ብቻ ዘላችሁ አትፍረዱ፣ የ15 ዓመት ልጅ ሳይቅምም ይነጫነጫል።

ጫቱ ምን እንደሚሠራ ባጭሩ ልንገራችሁ። ትኩሱ ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፣ ከአምፌታሚን ጋር በጣም ይመሳሰላል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል፣ ለዚህ ነው ሰው ሁሉ የዛሬውን ካልሆነ የማይለው። የታዳጊ አንጎል ደግሞ «ቆይ፣ ነገ ምን ይሆናል?» የሚለው የፊት ክፍሉ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እየተገነባ ነው። ደስታውን የሚፈልገው ክፍል ግን ቀድሞ ደርሷል።

3. ወሬው፦ ጠዋት፣ ጠግቦ፣ ለብቻው

መርቅኖ እያለ አታናግሩት፣ ሁሉንም እሺ ይላችኋል፣ ነገ አያስታውሰውም። ሀራራው ላይ እያለም አታናግሩት፣ ትጣላላችሁ። ቅዳሜ ወይም እሁድ ጠዋት ቁርስ ከበላ በኋላ ጥሩ ነው። ቤተ ዘመድ ሰብስቦ እንደ ሽምግልና መሃል አስቀምጦ መውቀስ ደግሞ ለትዳር ይሁን እንጂ ለ16 ዓመት ልጅ አይሆንም። አንድ ሰው ይበቃል፣ ልጁ የሚቀርበው ሰው። አክስቱ ከሆነች አክስቱ ትሁን።

የሚሆነው እንዲህ ነው፦

«አባዬ፣ እኔ ሱሰኛ አይደለሁም።»

«ነህ አላልኩህም እኮ። ልሰማህ ነው የተቀመጥኩት። ጫቱ ምን ያደርግልሃል?»

«ያነቃቃኛል። ከልጆቹ ጋር እጫወታለሁ። ጭንቀቴም ይጠፋል።»

«የማትወድለትስ ነገር አለ?»

«እንቅልፍ። ሌሊቱን ጣሪያ ሳይ አድራለሁ። ጠዋት ሰው ካናገረኝ መደባደብ ነው የሚያምረኝ።»

«ከዜሮ እስከ አስር፣ መተው ምን ያህል ትፈልጋለህ?»

«አራት።»

እዚህ ጋ አብዛኛው አባት «አራት ብቻ?!» ብሎ ይጮሃል፣ ወሬውም አለቀ። ትክክለኛው ጥያቄ «ለምን ሁለት አላልክም?» ነው። ልጁ ሳያስበው ለምን መተው እንደሚፈልግ በራሱ አፍ መናገር ይጀምራል። ከእናንተ ሃምሳ ምክር እሱ ራሱ የተናገራት አንዷ ምክንያት ትበልጣለች። ባለሙያዎች ይህን ዓይነቱን አነጋገር ሠልጥነው ነው የሚሠሩበት፣ ሚለርና ሮልኒክ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሰዎች ያደራጁት ዘዴ ነው። ለቤት የሚሆነው ሕጉ ቀላል ነው፦ ብዙ ጠይቁ፣ ትንሽ ተናገሩ፣ «ለምን አደረግከው?» ዓይነቱን የወቀሳ ጥያቄ ለጊዜው አስቀምጡት።

ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ትንሽ ነገር ተስማሙ። «ሁለተኛ አይለምደኝም፣ በአላህ፣ በማርያም» የሚለውን መሐላ አትቀበሉ። «ማክሰኞ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን» ይበቃል።

4. ቤታችሁን አጽዱ

አሁን የማይወደደውን ልናገር። አባት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ፣ ውሃና ለውዝ ደርድሮ፣ ከጓደኞቹ ጋር እየቃመ ልጁን «አትቅም» ቢለው ማን ይሰማዋል? ጅማ ላይ ጫት የእንግዳ ክብር ነው፣ ለአንዳንዱ የጸሎት ጓደኛ ነው፣ ለብዙ ቤት ደግሞ የዓመት ገቢው ነው። ይገባኛል። አባት የግድ ዛሬ ይተው አልልም (ቢተው ግን ለልጁ ከማንኛውም ሕክምና ይበልጥ ነበር)። ሦስት ነገር ግን ድርድር የላቸውም።

በርጫው (ተሰብስቦ መቃሙ) ከቤት ይውጣ። ቢያንስ ለስድስት ወር።

ልጅን ሱቅ መላክ ይቁም። «ሂድ ጫት አምጣልኝ፣ እግረ መንገድህን ሁለት ፍሬ ሲጋራ» ተብሎ ያደገ ልጅ ሻጩን በስም ያውቀዋል፣ ጥሩውን ከመጥፎው ቅጠል ይለያል፣ ገራባውን (የተጣለውን ቅጠል) እየለቀመ ነው የጀመረው። ሲጋራና መጠጥ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው፣ ሺሻም እንደዚያው ተከልክሏል። ጫት ይህ ክልከላ ስለሌለበት እሱን መዝጋት የእናንተ ፋንታ ነው።

ሦስተኛው ዱቤው ነው። ሰፈር ያለው ጫት ቤት ሂዱ። ሻጯ ከባንኮኒው ሥር የምታወጣት ጠርዟ የተበላ ደብተር አለች፣ የልጃችሁ ስም እዚያ ሊኖር ይችላል፣ አንዳንዴ በእናንተ ስም። አትጩሁባት፣ እሷም ልጆቿን የምታሳድግበት ነው። ያለበትን ከፍላችሁ ስሙን ሰርዛችሁ «እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለእሱ በዱቤም በካሽም እንዳትሰጪው፣ አደራ» በሏት። ሁሉም አይሰሙም። የሚሰሙት ግን ከምትገምቱት በላይ ናቸው። ልጁም ይህን እንዳደረጋችሁ ይወቅ፣ ከኋላው የተሠራ እንዳይመስለው።

5. ሐኪም ጋ ስትሄዱ

ቅርብ ካለ ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአጠቃላይ ጤና ባለሙያዎች ያዘጋጀው የአእምሮ ጤናና የሱስ ሕክምና መመሪያ በአገራችን ሥልጠና ይሰጥበታል፣ ስለዚህ ጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ ጀምሮ ሪፈር ሊጽፍላችሁ ይችላል። ከባድ ከሆነ የዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። «አእምሮ ክፍል» የሚለውን ስም ፈርተው ከበር የሚመለሱ ወላጆች አሉ። እዚያ የሚቀመጡት ሰዎች ልጆቻቸውን ያመጡ እንደናንተ ዓይነት ሰዎች ናቸው።

ከመሄዳችሁ በፊት በወረቀት ጻፉ፦ ምን ምን ይጠቀማል፣ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ መቼ መጨረሻ ተጠቀመ፣ እንቅልፉና ምግቡ እንዴት ነው፣ በቤተሰብ የአእምሮ ሕመም ያለበት አለ ወይ፣ የሚወስደው መድኃኒት አለ ወይ።

ባለሙያው ልጁን ለብቻው ማናገር ይፈልጋል። ውጡ። ቅር አይበላችሁ፣ ታዳጊ እናቱ ፊት እውነቱን አይናገርም። የተናገረው ምስጢር ሆኖ ይቀመጣል፣ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ካለ ግን ይነገራችኋል። ይህን ልጁ ፊት አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ከሱሱ ጀርባ ያለውን አስጠይቁ። ድብርት፣ ጭንቀት፣ ትኩረት የማጣት ችግር፣ የደረሰበት ጥቃት፣ ቤት ውስጥ ያለ ዱላ። ብዙ ልጅ ጫት የሚይዘው ራሱን ለማከም ነው። ሁለቱ አብረው ካልታከሙ አንዱ ሌላውን ይጎትተዋል።

መድኃኒትን በተመለከተ ግልጽ እንሁን፦ የጫትን ሱስ ያድናል ተብሎ የጸደቀ ክኒንም መርፌም የለም። ለጋንጃም የለም። «በሦስት ቀን ነጻ አወጣዋለሁ» የሚላችሁ ሰው ብራችሁን ነው ነጻ የሚያወጣው። ሐኪሙ መድኃኒት ሊያዝ የሚችለው አብሮት ላለው ድብርት፣ ለቅዠት፣ ወይም አልኮልን በሰላም ለማስቆም ነው። ለታዳጊ ዋናው ሕክምና ንግግር ነው፦ ከልጁ ጋር፣ ከቤተሰቡም ጋር። በዓለም ላይ ለዚህ ዕድሜ ጥሩ ውጤት ካሳዩት ሕክምናዎች ግንባር ቀደሞቹ መላ ቤተሰቡን አስቀምጠው የሚሠሩት ናቸው። ስለዚህ «ልጁን አክሙልኝ፣ እኔ ውጭ እጠብቃለሁ» አይሆንም። አባትም ይምጣ፣ ሥራ አለኝ አይበል።

እንቅልፍ ስላጣ ብላችሁ ከመድኃኒት ቤት ዲያዜፓም ገዝታችሁ አትስጡት። አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ነው።

ሆስፒታል ተኝቶ መታከም የሚያስፈልገው ለጥቂቶች ነው፦ አልኮል ወይም ክኒን በየቀኑ ለሚወስድ፣ ራሱን ለመጉዳት ለሚያስብ፣ ለሚቃዥ። አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ለመታከም የሚያስቡ ቤተሰቦችን አውቃለሁ፣ ሐኪም ከላካችሁ ሂዱ። በራሳችሁ ውሳኔ ግን አትቸኩሉ። ከዚያ ሲመለስ የሚጠብቀው ያው ሰፈር፣ ያው 8 ሰዓት ነው።

6. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ጫት ያቆመ ልጅ በመጀመሪያ ይተኛል። ቀን ከሌት ይተኛል፣ ይበላል፣ ይነጫነጫል፣ ምንም ነገር አያስደስተውም። ሌሊት ዱካክ የሚባለው ቅዠት ይመጣበታል፣ እየጮኸ ይነቃል። ሰይጣን ያዘው ብላችሁ ቤቱን አታሸብሩ፣ ያቆመ ሰው ላይ የሚታይ የታወቀ ነገር ነው፣ በቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ታናሽ ወንድሙ አብሮት ይተኛ፣ መብራት ይተውለት።

ምግብ በሰዓቱ፣ ውሃ በብዛት። ቡና አትከልክሉት (ጅማ ላይ ቡና ከልክሉ ብል ማን ይሰማኛል!) ግን ከ10 ሰዓት በኋላ ባይጠጣ እንቅልፉ ቶሎ ይስተካከላል። ሲጋራም አብሮ ካቆመ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይከብዱታል። ድብርቱ ሁለት ሳምንት አልፎት ካልለቀቀው ግን «ገና ነው» አትበሉ፣ ለባለሙያው ንገሩ።

አንድ ወጥመድ አለ። «ቢራ ቢጠጣ ይሻላል፣ ቢያንስ ይተኛበታል» የሚል አጎት አይጠፋም። በትህትና ሸኙት።

7. ከሰዓቱን ሙሉ

ዋናው ይኼ ነው።

ወረቀት አውጡና ከሰኞ እስከ እሁድ ከ7 ሰዓት እስከ ምሽት 1 ሰዓት ያለውን ከልጁ ጋር ሆናችሁ ሙሉ። ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነና ከሰዓቱ ባዶ ከሆነ ችግሩ እዚያ ጋ ነው። «ቤት ይቀመጥ» የሚለው ዕቅድ አይደለም። ስልክ ይዞ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ልጅ በ9 ሰዓት ጀለሶቹ ይደውሉለታል፣ ወጣ ማለት ነው።

ምን ይሙላው? ኳስ የሚወድ ከሆነ ቋሚ ቡድንና ቋሚ ሰዓት ፈልጉለት፣ አንዳንዴ የሚደረግ ጨዋታ አይበቃም። ጅሬን ዳገቱን እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በእግር መውጣት በነጻ ነው፣ አባትና ልጅ አብረው ቢያደርጉት ደግሞ ወሬውም እዚያው ይወጣል። ግን ክረምት አለ። እዚህ ዝናቡ ከሰዓት ላይ ሲጥል ኳሱም ዳገቱም ይቀራል፣ በርጫውም የሚሞቀው ያኔ ነው። ስለዚህ የጣሪያ ሥር ዕቅድ የግድ ነው፦ ቤተ መጻሕፍት፣ ኮምፒውተር ሥልጠና፣ የጸጉር ሙያ፣ የስልክ ጥገና።

የእንጨት ሥራም አለ፣ የጅማ በርጩማና ወንበር ስሙ የታወቀ ነው፣ ሙያውም እንጀራ ይሆናል። ሥራ ቤቱን ግን በ9 ሰዓት ሄዳችሁ እዩት። ብዙ ወርክሾፕ ከሰዓት ላይ መሮውም ቅጠሉም በአንድ እጅ ነው። የማይቃምበት ካገኛችሁ ልጁን ስጡት፣ ካላገኛችሁ በጠዋት ብቻ ይሥራ።

የጫት ማሳ ያላችሁ ቤተሰቦች ልጁን ከመቁረጥና ከማሰር ሥራ አንሱት፣ ወደ ቡናው ወይም ወደ ሌላው ይዙር። ቡና በሚለቀምበት ወራት ደግሞ ልጆች እጅ ላይ ብር ይገባል፣ ብር ሲገባ ሀራራ አብሮ ይመጣል። ገንዘቡ የእሱ ነው፣ አትውሰዱበት፣ ግን አብራችሁ የሚቀመጥበትን ተስማሙ። ጫማ ይሁን፣ ቁጠባ ይሁን።

ሽልማት ይሠራል። ጉቦ ነው የሚሉ አሉ፣ አይደለም፣ የታወቀ ሕክምና ነው። ሽልማቱ ትንሽ፣ ወዲያው የሚሰጥ፣ አስቀድሞ የተነገረ ይሁን። «12ኛ ክፍልን ብታልፍ ላፕቶፕ» ለአንጎሉ በጣም ሩቅ ነው። «ዛሬ እስከ 12 ሰዓት ዕቅድህ ላይ ከቆየህ ማታ የዳታ ጥቅል እሞላልሃለሁ» ይገባዋል። ሳምንቱን ከጨረሰ እሁድ የሚወደውን ምግብ። ያልቻለ ቀን ሽልማቱ ይቀራል፣ በቃ። ስድብም ዱላም አይጨመርበትም። ጫትን ቤት ውስጥ በሽንት መርምሮ ማረጋገጥ አስቸጋሪ ስለሆነ የምትለኩት የት እንደዋለና እንቅልፉን ነው።

8. ለፈተና ነው የምቅመው ካለ

ይህ ሰበብ ብዙ ወላጅ ያሸንፋል፣ ጫት ገዝተው የሚሰጡም አሉ! መንቃቱ እውነት ነው። ግን ያጠናነው ነገር አእምሮ ውስጥ የሚቀመጠው ስንተኛ ነው፣ ጫት ደግሞ የሚወስደው እሱን ነው። መርቅኖ ያነበበው ሁሉ የገባው ይመስለዋል፣ ጠዋት ፈተናው ላይ ድካሙ ብቻ ይቀራል። ጠዋት 11 ሰዓት ተነስቶ ማጥናት፣ 45 ደቂቃ አንብቦ 10 ደቂቃ ማረፍ፣ ማታ 4 ሰዓት መተኛት። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም አይገባኝም ይላል፣ ታገሱት።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ ለአንድ የምታምኑት መምህር ብቻ ንገሩ። ሰልፍ ላይ ስሙ የተጠራ ልጅ አይመለስም።

9. ጓደኛ፣ ሀራራ፣ እንቢታ

«ከእነሱ ጋር እንዳላይህ» ማለት ቀላል ነው። አብረው ያደጉ ልጆች ናቸው፣ በአንድ ቀን አይቆረጡም። የሚቻለው ቦታውንና ሰዓቱን መለወጥ ነው፦ ጠዋት ትምህርት ቤት ይገናኙ፣ ከሰዓት አይገናኙ።

የሚመልሰውን ቃል ተለማመዱ፣ ጮክ ብላችሁ፣ እየሳቃችሁም ቢሆን። «ጨጓራዬን ሐኪም ከልክሎኛል።» «አባቴ እየጠበቀኝ ነው፣ ዛሬ ይገድለኛል።» «ሙዱ የለኝም ባክህ።» ውሸት አስተማርኩት አትበሉ፣ ልጁ ፊት የሚያተርፍበት ሰበብ ያስፈልገዋል።

ሀራራ ማዕበል አለው፣ ይነሳል፣ ከፍ ይላል፣ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይወርዳል። እስከዚያ ፊቱን ይታጠብ፣ ይውጣ፣ ለአክስቱ ይደውል። ምን እንደሚቀሰቅስበትም ራሱ ይጻፍ፦ ዓርብ ከሰዓት፣ ብር፣ መሰልቸት፣ ከአባቱ ጋር መጣላት።

10. ጸበልና ዱዓ

ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚያምኑበት ከሆነ ያግዛል። ቄሱም ኡስታዙም ልጁ የሚያከብራቸው ከሆኑ ከሰዓቱን ከሚሞሉት ሰዎች መካከል ይሁኑ። ሁለት ነገር ብቻ፦ የታዘዘለት ክኒን አይቋረጥ፣ ማንም በሰንሰለት አይሰረው። ረመዳን ለብዙዎች ጥሩ መነሻ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይታቀባሉ። መቃሙ ግን ከኢፍጣር በኋላ ወደ ሌሊት እንዳይዞር ተራዊሕ ላይ ከማን ጋር እንደሚሄድና ከማን ጋር እንደሚመለስ ዕወቁ።

11. ሲመለስበት

ይመለስበታል። ሁሉም ባይሆን አብዛኛው። እንደ አስምና እንደ ስኳር ያለ የሚመላለስ ሕመም ነው፣ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም።

በዚያ ማታ ምንም አትበሉ። በማግስቱ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የት ነበርክ? ከማን ጋር? ከዚያ በፊት ምን ሆኖ ነበር? መልሱ ብዙ ጊዜ የዕቅዱን ቀዳዳ ያሳያችኋል። መምህር ቀርቶ ከሰዓቱ ባዶ ሆኖበት ሊሆን ይችላል። ቀዳዳውን ድፈኑ፣ ሽልማቱን ከነገ ጀምሩ፣ ለባለሙያውም ንገሩ። አልኮል ወይም ትራማዶል ላይ ተመልሶ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ሰውነቱ መልመዱን ትቷል፣ የድሮው መጠን አሁን ሊገድለው ይችላል።

ቀጠሮ አትዝለሉ። ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕክምና ብዙ አይረጋም፣ ስለዚህ «አሁንማ ደህና ሆኗል» ብላችሁ በአምስተኛው ሳምንት አትቅሩ። መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ እስከ ዓመት ብትከታተሉ ጥሩ ነው።

12. ሴት ልጅ ከሆነች

ትደብቃለች፣ ስለዚህ ዘግይታችሁ ነው የምትሰሙት። ጓደኛ ቤት ተሰብስበው ይቅማሉ፣ ሺሻው አብሮ አለ፣ ስሟ እንዳይጠፋ ብላ ብቻዋን ትታመማለች። ቤተሰብም «ማን ያገባታል» በሚል ሐኪም ጋ ከመውሰድ ይቆጠባል። ሴት ባለሙያ ጠይቁላት። ከሚያስቅማት ሰው ጋር ተገዳ የሆነ ነገር ደርሶባት እንደሆነ ለብቻዋ ይጠየቅ፣ እርግዝናም ይመርመር። ከወንድሟ የበለጠ አትቆልፉባት፣ ቤት የተዘጋባት ልጅ የሚያያት ሰው ስለሌለ ሁኔታዋ ሲብስ አታውቁትም።

ታናናሾቹን ደግሞ አትርሷቸው። ቤቱ በሙሉ በአንዱ ሲጠመድ የ11 ዓመቱ ልጅ ብቻውን ነው የሚውለው፣ እሱም ከሰዓት አለው። ወረቀቱ ላይ ለእሱም አንድ ረድፍ ጨምሩለት።